ቮላኖውን ያስፋቀው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ዳገት በበዛባት ከተማ የሚኖር፣ ሁለት በር ያላትን ትንሽ ቀይ መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው። ትርሲት፣ ስብሰባ የሚያጓትቱብሽን አምስት አንጋፋ መምህራን ከኮሚቴው ላውጣቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ርዕሰ መምህርት ከሆንሽ ገና ሦስት ወርሽ ነው፤ መቸኮልሽ አይገርመኝም። ቁጭ በይና ስሚኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ቴክኒክ ሳስተምር ኖሬ ከብረት ውጪ ምሳሌ አላውቅም።

ሰውዬው አንድ እሑድ፣ መኪና ወዳዶች ከከተማው ውጪ በሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ የጓደኛውን መኪና ነዳ። ነዳጁን በእግሩ ጣት ገና ነካ ሲያደርገው ሞተሩ እመር ይላል፤ እግሩን ሲያነሣ ወዲያው ይረግባል። አፉን ይዞ ቀረ። «ምን አድርገህባት ነው?» ቢለው፣ ጓደኛው «ቮላኖዋን አቀለልኩት» አለው። ቮላኖ ከሞተሩ ኋላ ተጣብቆ አብሮት የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ ነው። ሲከብድ ሞተሩ ለመነሣትም ለመርገብም ይዘገያል፤ ሲቀል ይፈጥናል። የጓደኛው መኪና ግን የእሽቅድምድም ነበረች፤ ከዚያ ሜዳ ወጥታ አታውቅም። ጓደኛው ይህንንም ነግሮታል። ሰውዬው ሰምቷል፤ አላደመጠም።

በማግስቱ ቮላኖውን አስወርዶ አንድ ቶርኖ ቤት ተሸክሞት ሄደ። ባለቤቱ ብረት ሲያዞሩና ሲፍቁ አርባ ዓመት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚዛን ላይ አወጡት፤ ስምንት ኪሎ ሆነ።

«በየት በየት ነው የምትነዳት?» አሉት።

«በሁሉም ቦታ፣ ጋሼ። ግማሹን ያውርዱልኝ።»

«ማን ማን ይሳፈርባታል?»

ሰውዬው ሳቀ። «ጋሼ፣ ብረቱን ይፋቁልኝ እንጂ የቤተሰብ ቆጠራ ምን ያደርግልዎታል?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቮላኖውን ቶርኖው ላይ ጠመዱና አዞሩት፤ ፍጥነቱን ሲይዝ ኃይሉን ነጥለው እጃቸውን አነሡ። ያ ከባድ ብረት ማንም ሳይገፋው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ንቅንቅ የለው፣ ድምፅ የለው። «ሞተር ሁልጊዜ አይገፋም፤ ገፍቶ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል» አሉ። «በግፊትና በግፊት መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ይህ ነው። ሲሰጡት ይቀበላል፣ ሲያጡ ይሰጣል።» ሰውዬው እያየ ሰውነቱን ውርር አደረገው። እኔም ለስንት ዓመት ለተማሪዎች አሳይቼዋለሁ፤ ዛሬም ባየው እደነቃለሁ። የሄደን ጉልበት እንዲያ ይዞ የሚቆይ ብረት መፈጠሩ ግሩም ነገር ነው። ሰውዬው ግን ተደንቆ ሲያበቃ፣ «ይሁን፣ ግማሹን ያውርዱልኝ» አለ። ንብረቱ የራሱ ነውና አወረዱለት።

ዐሥር ቀን ሙሉ ደስታ አሰከረው። መኪናዋ ዳገት ላይ ቀስ ስትል መንገጫገጭ መጀመሯን ልብ ብሏል፤ ነዳጅ ሲጨምርላት ስለሚተዋት ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አባቱ ከሆስፒታል ወጡ። አከርካሪያቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ገና አልጠናም። ሐኪሙ፣ «ሳይንገጫገጩ ቤት ይግቡ። አንድ ክፉ ንቅናቄ እግራቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል» ብሎ አስጠነቀቀው። ልጅየው መቀመጫውን አጋድሞ አባቱን አስተኛና እንደ እንቁላል ይዟቸው ተነሣ።

ከቤታቸው በታች ያለው ዳገት ላይ ሲደርስ፣ አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ከፊቱ ያዘግማል። ቀስ ብሎ መሄድ ግድ ሆነ፤ መኪናዋ ደግሞ ቀስ ማለት ትታለች። ሞተሩ ተርገፍግፎ ጠፋ። አስነሥቶ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ለቀቀ፤ ዘለለችና ጠፋች። በሦስተኛው ነዳጅ አብዝቶ ለቀቃት፤ ተወርውራ ከፊተኛው ልትላተም ስትል ፍሬን ያዘ። አባቱ አልጮኹም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። በቀስታ፣ «ልጄ፣ አንተ ደህና ሾፌር ነህ፤ ግን አውርደኝ። በእግሬ እሄዳለሁ» አሉት።

መቆም የማይችሉ ሰው ናቸው ይህን የሚሉት! ልጅየው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ነበር። ነገሩ ሲገባው ገና ቀለም ያልተቀባ አዲስ በር ከሱቁ ይዞ ወጣ። ብርድ ልብስ ተነጠፈበት። ስምንት ሰዎች አባትየውን ሳያነቃንቁ አሸጋግረው አስተኟቸው፤ በሩን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ያዙት። መንገደኛውም እየተጨመረ ይከተላል። አናጺው «ትከሻ!» ሲል አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ እርምጃው ግን አይቋረጥም፤ በሩም አይዘምም። ሰውዬው ቁልፉን ጨብጦ ከኋላ ከኋላ ሄደ። የደከመው ሰው ጉልበት ሳያልቅ የሌላው ሲተካው፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ እግር ብቻ ያለው ይመስል ሲራመድ አየ። ቤት ሲደርሱ አባቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ብዙ ፈጣን ነገር ያየ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ግን አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ቶርኖ ቤት ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ክብደቱን ይመልሱልኝ» አለ።

«የፋቅኩት ብረት ተጠርጎ ወጥቷል፣ ልጄ። ሌላ ፈልግ» አሉት።

አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጥ ሰንብቶ አንድ አገኘ። ሽማግሌው «አሁንስ ስንት ላውርድ?» ሲሉት፣ «እርስዎ ያውቃሉ። የምነዳት ዳገት ላይ ነው፤ የምይዝባት አባቴን ነው» አላቸው። አንዲት ኪሎ ብቻ አወረዱለት። መኪናዋ ከመጀመሪያው ፈጠን አለች፤ አባቱም ለሕክምና ሲመላለሱ ተኝተውባት ይሄዳሉ።

እንግዲህ ትርሲት፣ መኪናዋ ትምህርት ቤትሽ ናት። ሞተሩ አንቺ ነሽ፤ ትገፊያለሽ፣ ሰው ነሽና ታርፊያለሽ። ካንቺ በፊት አንዱ ርዕሰ መምህር ሄዶ ሌላው እስኪመጣ፣ መጽሐፍ ሳይደርስ ሲቀር፣ ትምህርቱን ያላቋረጡት እነዚያ አምስቱ ናቸው። አትንኪያቸው አላልኩሽም። ከመካከላቸው አንዱ ለሻይና ለወሬ ብቻ እንደሚመጣ እኔም አውቃለሁ፤ እሱን አሰናብቺ፤ ስብሰባውንም አሳጥሪ። ቀላልና ፈጣን ነገር መውደድሽን አልነቅፍም፤ እኔም እወዳለሁ። ግን አንቺ የያዝሽው ስምንት መቶ ሕፃናት ነው፣ መንገድሽም ዳገት ነው። ሕፃን ሲንገጫገጭ አይጮኽም፣ አውርዱኝም አይልም። ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አንቺም የምታውቂው አንድ ቀን ጠዋት ስም ስትጠሪ፣ «አቤት» የሚል ሲጠፋ ነው።