ሽለምጥማጥና የመጨረሻው የቁጥር ጥቅል

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ይህ የሆነው እንስሳት እንደ እኛ ሲያወሩ፣ ከእኛም ይልቅ ብልሃት በነበራቸው ዘመን፣ ስሙ በጠፋ በአንድ የወንዝ ዳር አገር ነው።

በዚያ አገር ሰርቨር የሚሉት ሣጥን ነበር። ወሬን በሆዱ ይይዛል፤ በቁጥሩ ለጠራውም የጠየቀውን ይነግረዋል። ቁጥር ከሌለው ግን ማንም አይጠራውም፤ የሚያውቀውን ሁሉ እንደያዘ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቁጥር የሚያድለው አያ ኤሊ ነበር። ቁጥሩ በጥቅል በጥቅል ነው የሚሰጠው፤ በአንድ ጥቅል ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ለምን ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሆነ አትበሉኝ፣ የጥንቶቹ እንዲያ ቆጥረው ሄዱ። መቼም የሚያልቅ አልመሰላቸውም ነበር።

አለቀ እንጂ። ዝሆኑም ሣጥን አቆመ፣ ንቡም አቆመ፣ ፍየሏ እንኳ አቆመች። በመጨረሻ አያ ኤሊ ዘንድ የቀሩት ሦስት ጥቅሎች ብቻ ሆኑ። ይህን የሰማ አንድ አውሬ ነበር፤ ሽለምጥማጥ። የሰው ዶሮ ሲያማትር የሚያድረው ያ ሽለምጥማጥ።

ሽለምጥማጥ አንድም ሰርቨር አልነበረውም። በወንዙ ዳር ሦስት በር ያለው ረጅም መጋዘን ሠራና ጭቃ አቡክቶ ሣጥን የሚመስል ነገር ደረደረ። በየጭቃው ሣጥን ላይ ቀዳዳ በሳና አብሪ ትሎችን፣ እነዚያን ጅራታቸው ብልጭ ድርግም የሚለውን፣ ከተተባቸው። ከዚያ ወደ አያ ኤሊ ሄደ።

"አያ ኤሊ፣ ሣጥኔ ብዙ፣ ቁጥሬ ባዶ። ምን ይሻለኛል?"

"ሣጥንህን አሳየኝ፣ ቁጥሩን እሰጥሃለሁ" አለ አያ ኤሊ።

ሽለምጥማጥ ወደ መጀመሪያው በር ወሰደው። አያ ኤሊ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ሲያይ ውስጡ ብልጭ ድርግም ይላል። "በእርግጥም ብዙ ነው" አለና አንድ ጥቅል ሰጠው።

በሳምንቱ ሽለምጥማጥ የበግ ለምድ ደርቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ መጣ። "አያ ኤሊ፣ እኔ የቆላው በግ ነኝ። ሣጥኔ ብዙ፣ ቁጥሬ ባዶ። ምን ይሻለኛል?"

"ሣጥንህን አሳየኝ፣ ቁጥሩን እሰጥሃለሁ።" በሁለተኛው በር ስንጥቅ አየ፤ ብልጭ ድርግም። ሰጠው።

በሌላው ሳምንት ደግሞ የአሞራ ላባ ለብሶ፣ ድምፁን አጎርንኖ መጣ። ሣጥኔ ብዙ፣ ቁጥሬ ባዶ አለ። የአያ ኤሊ ዓይን ደካማ ነው፣ ልቡም የዋህ ነው። በሦስተኛው በር ስንጥቅ አየና የመጨረሻውን ጥቅል አስረከበ።

ይህ በሆነ በወሩ እመት ሽመላ መጣች። እመት ሽመላ የምትኖረው ከላይ፣ ወንዙ ከገደሉ በሚወጣበት ቋጥኝ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ስንት ጎጆ ጠራርጎ ስለነበር፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሰርቨር በብዙ ልፋት ሠርታ ነበር። የቀራት አንድ ቁጥር ነው።

"አልቋል፣ እህቴ" አለ አያ ኤሊ አንገቱን እየሰበረ። "መዝገብ ላይ ልጻፍሽ። አንዱ ሲመልስ ይደርስሻል። ከፊትሽ አርባ አሉ።"

"ክረምቱ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።"

"ምን ላድርግ? ቁጥር አልወልድ። ሽለምጥማጥ ግን ትርፍ አለው ይባላል። እሱን ጠይቂው።"

ሄደች። ሽለምጥማጥ መጋዘኑ ደጃፍ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሟል። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት ቅርፊቶች በገመድ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል።

"አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው" አለችው።

"ሦስት እንቁላል ታቅፈሻል አሉ" አላት።

"አዎ።"

"እኔም አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምፈልገው።"

እመት ሽመላ የሰማችውን ማመን አቃታት። የቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ከኋላው የቆቅ እንቁላል ቅርፊት ተከምሯል፤ ለካ ቆቋ ለቁጥሯ የከፈለችው ይህንን ነው።

"ውሃው ቢመጣ አንተንም አይምርህም። መጋዘንህ ወንዙ ዳር ነው" አለችው።

"ወንዝ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም። አንድ እንቁላል" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ባዶዋን ተመለሰች።

ክረምቱ ገባ። በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ውሃው በገደሉ ውስጥ አጉረምርሞ ተነሣ። የእመት ሽመላ ሣጥን ከፍታውን ለካ፣ አደጋ መሆኑንም አወቀ፤ ግን ቁጥር ስለሌለው ማን ይጥራው? እሷ እንቁላሎቹን ለባሏ ትታ የታችኞቹን ልታስጠነቅቅ በርራ ተነሣች። ዝናቡ ላባዋን አረጠበው፣ ነፋሱ ወደ ኋላ መለሳት። ውሃው ግን ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ የሚመልሰው የለም።

ስትደርስ እኩሉ ሸሽቷል፣ እኩሉ ውሃ ውስጥ ነው። እመት ሚዳቋ ሁለት ግልገሎቿን ደንገሉ ውስጥ አስተኝታ ለግጦሽ ወጥታ ነበር። ሮጣ ገባች። አንዱን በጆሮው ይዛ ጎትታ አወጣችው። ለሁለተኛው ስትመለስ ደንገሉ አልነበረም።

የሸሸው ሁሉ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያያል። ወዲያው ጎርፉ የሽለምጥማጥን መጋዘን መታው። ሦስቱም በሮች ተገነጠሉ። ሁሉም ስንት መቶ ሰርቨር ሊሄድ ነው ብሎ ሲሳቀቅ፣ ከውስጥ የወጣው ቀይ ጭቃ ሆነ። ሣጥኖቹ እንደ ጨው ሟሙ። ያልሞቱት አብሪ ትሎች በዝናቡ ውስጥ ብልጭ እያሉ በረሩ። ሽለምጥማጥም ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አያ ኤሊ ዋኝቶ ሄደና በጀርባው ይዞት መጣ። ከኮረብታው ላይ አስቀመጠው።

"ሣጥኖችህ የት አሉ?" አለው።

"ውሃ ወሰዳቸው።"

"የቆላውን በግስ? አሞራውንስ?"

በጎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ በግ፣ "ከቆላ ቁጥር ሊጠይቅ የመጣ በግ የለንም" አለ።

እመት ሚዳቋ የተረፈላትን ግልገል እንዳቀፈች ጠጋ አለች። አልጮኸችም።

"ስንት ቁጥር ይዘህ ነበር?"

"ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት፤ አንዱን ለቆቋ ሸጥኩት።"

"ከቀረው ስንቱ ይሠራ ነበር?"

"አንድም" አለ።

አንድ ቁጥር ቢገኝ ልጇ በሕይወት ይኖር ነበር። ይህን ሁሉም አወቀ።

ቅርፊቶቹን ከአንገቱ አውልቀው አባረሩት፤ እስከ ዛሬ በቀን ፊቱን ለማሳየት የሚፈራው ለዚህ ነው ይባላል። አያ ኤሊም መዝገቡን መሬት ላይ አኖረና፣ "ጥፋቱ የእኔም ነው። በስንጥቅ አየሁ እንጂ ገብቼ በእጄ አልነካሁም። ሌላ ሹሙ" አላቸው። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ፣ "አንተው ሥራ፤ ግን ከእንግዲህ ገብተህ ሳትዳስስ አትስጥ፤ በዓመቱም ዞረህ ያልተሠራበትን መልስ" ብለው ፈረዱ። ተራ የያዙት አርባዎቹም፣ "ከእኛ በፊት ለሽመላ ይሰጣት" አሉ።

ቁጥሩ በተሰጣት በማግስቱ ጠዋት የእመት ሽመላ ሣጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራ። የጠራችው ሚዳቋ ናት።

"ወንዙ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ጎድሏል" አላት ሣጥኑ።

ሚዳቋ ግን ግልገሏን ከኮረብታው አላወረደችም። በነጋታውም ጠራች፣ በሦስተኛውም ቀን ጠራች። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትጠራ ያሳለፈችው አንድም ጠዋት የለም ይላሉ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ የቀረውን ወንዙ ያውቃል። እናንተ ግን ይህችን ያዙ፦ የማይሠራበትን የያዘ እጅ፣ ጎረቤቱን ያስቀራል ከደጅ።