የሞግዚቷ ልጅ የት ይውላል?

«አንዲት ድንጋይ ተሸካሚ ነበረች» አሉ አለቃ ድንበሩ። ይህን ያሉት ለወረዳው ሹም ነው። ሹሙ በድሆቹ መንደር በመንግሥት ወጪ የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ ሦስት ወር ቢጠብቅ አልጋዎቹ እንደተነጠፉ ቀሩ፤ «አለቃ፣ በነፃ ስንሰጣቸው ለምን ልጆቻቸውን አያመጡም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ተሸካሚዋ ባልም ዘመድም የላትም። ያለቻት ገና ድክ ድክ የምትል አንዲት ልጅ ናት። አሠሪዋ «ድንጋይ ቢወድቅባት ማን ሊጠየቅ ነው?» ብሎ ልጇን ይዛ እንዳትመጣ ከለከላት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ወገብ በመቀነት አስራ ከአልጋው እግር ጋር ታያይዛትና ቁራሽ ዳቦ አስቀምጣላት፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም ልቧ እዚያው አልጋው ሥር ነው።

ከቤቷ ፊት ለፊት የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ። ዙሪያውን በረጅም ቆርቆሮ ታጥሯል፤ በሩም ዝግ ነው። «አምጡ፣ ምንም አትከፍሉም» ተባለ። ይሄኔ ጭራሽ ደነገጠች፤ በዕድሜዋ ማንም በነፃ የሰጣት ነገር የለማ! ይባስ ብሎ ሕፃናቱን ይመዝኗቸዋል ሲባል ሰማች። ልጅ እንደ በርበሬ ለምን ይመዘናል? ፎቶም ያነሷቸዋል አሏት። ለማን ሊያሳዩ? በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ ብታይ ግድግዳ ብቻ ታያት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መቀነቱ ወደ ልጅቷ ደረት ወጥቶ፣ ተጠማዞ ጠብቆባት አገኘች። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ነበር። እናት ተጣድፋ መቀነቱን ፈታችላት። በማግስቱ አዝላት ወደ ማቆያው ሄደች። ሞግዚቷ በሩን ከፍታ ፈገግ እያለች ልጅቷን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ እናት ወደ ኋላ አለች።

«እህቴ፣ ልጅ አለሽ?»

«አዎ፣ አንድ ወንድ ልጅ።»

«የት ነው የሚውለው?»

ሞግዚቷ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። «እናቴ ጋ ነው» አለች።

«እንግዲያው የኔም ቤቷ ትዋል» ብላ ተመለሰችና እያለቀሰች አሰረቻት። የአልጋውን እግር ቢያንስ ታውቀዋለች።

ሞግዚቷ ያን ቀን ሥራ አልያዝ አላት። በማግስቱ የገዛ ልጇን ይዛ መጣች። የቆርቆሮውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከማቆያው ገንፎ አጎረሰችው። ተሸካሚዋ ወደ ሥራ ስትወጣ አየች፤ ስትመለስም ልጁ በበላበት ቦታ ሲጫወት አየች። ሦስት ቀን እንዲሁ አየች። በአራተኛው ቀን መቀነቱን ፈትታ ልጇን አመጣች። እንዲያም ሆኖ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ከሥራዋ እየሮጠች መጥታ በበሩ አይታታለች።

አለቃ ወደ ሹሙ ዞሩ። «ተሸካሚዋ እነዚህ የምትወቅሳቸው እናቶች ናቸው። ሞግዚቷ ደግሞ አንተና መሰሎችህ ናችሁ። ቤት ሠራችሁ፣ ገንፎ አቀረባችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። እናቶቹ ግን ከገንፎው ይልቅ ማን እንደሚበላው ነው የሚያዩት። በል አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፤ ያንተ ትንሿ ልጅ የት ነው የምትውለው?»

ሹሙ ለመሄድ ተነሣ።

«ለኔ እንኳ ባትመልስልኝ ግድ የለም፣ ልጄ» አሉ አለቃ። «መንደሩ ያውቀዋል።»