ልብስ ሰፊዋና አጭሯ ምት

«አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች» አሉ እትዬ ውብነሽ።

ይህን ያሉት ትርሲት ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ነው። ትርሲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እትዬ ውብነሽ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። በመካከላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። ተማሪዎች በመንፈቅ ዓመቱ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ጽፈው፣ እትዬ ውብነሽን አስፈርመው፣ ለአማርኛ መምህሩ እንዲመልሱ ታዘዋል። ብዙ ያነበቡት ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ወጥተው በተማሪው ሁሉ ፊት ስላነበቡት ይናገራሉ። ትርሲት ወስዳ ያነበበችው አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ ነው። ወረቀቷ ላይ የጻፈችው ግን ሁለት።

እትዬ ውብነሽ ወረቀቱን አይተው፣ «የቀሩትን አይጥ በላቸው?» ብለው ነበር የጠየቋት።

ትርሲት ለማምለጥ ሳይሆን የምር ለማወቅ ፈልጋ፣ «እትዬ፣ ሰው የሌለውን አለኝ ካለ ዋሸ ይባላል። ያለውን ቀንሶ ቢናገርስ? ራሱን ቢያሳንስ ማንን ይጎዳል?» አለቻቸው።

እትዬ ውብነሽ ሊፈርሙበት ያነሡትን እስክሪብቶ መልሰው አስቀመጡት። ወንበር በእጃቸው አሳዩአትና ታሪኩን ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋ በምትኖርበት ከተማ ዳር የጎልፍ ሜዳ ነበረ። የሦስት ከተማ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ይጫወቱበታል። በሜዳው ውስጥ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች አሉ፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ከሩቅ እንድትታይ ባንዲራ ይተከልባታል። አንድ ዓመት ባንዲራዎቹ አረጁና የማኅበሩ ሰብሳቢ አዲስ አሰፋች። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ልታስረክብ በሄደች ጊዜ፣ ያን ሁሉ መስክና ያችን ትንሽ ኳስ አየችና፣ «ይቺን እንቁላል የምታክል ነገር ለመምታት ነው ይሄ ሁሉ መሬት?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁባት። «እስቲ አንቺ ምቻት!» ብለው ዱላ ሰጧት።

መጀመሪያ ሣሩን ቦጨቀች። ቀጥላ አየሩን መታች። በሦስተኛው ግን ኳሷ ከዱላው ላይ ተነሥታ፣ ከፍ ብላ፣ ከዓይን ጠፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ በተቀመጠች ቁጥር የዚያች ምት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይመጣ ጀመር። በሳምንቱ ተመልሳ ሄዳ አባል መሆን እንደምትፈልግ ተናገረች።

ሰብሳቢዋ ደንቡን አስረዳቻት። «በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓድ የከተተች ጎበዝ ናት።»

«ታዲያ እኔ ገና ትናንት የጀመርኩት ከእርስዎ ጋር እንዴት አድርጌ እጫወታለሁ?»

«ለዚህ ብለን ነው ሀንዲካፕ የምንሰጠው። መጀመሪያ ሦስት ካርድ ታመጫለሽ። በካርዱ ላይ ስንት እንደመታሽ ይጻፋል፤ አብራሽ የተጫወተች አባል ቆጥራ ትፈርምልሻለች። ያልተፈረመ ካርድ ካርድ አይደለም። እኛ ካርዶችሽን አይተን ቁጥር እንሰጥሻለን። ቁጥርሽ ሠላሳ ከሆነ በውድድር ቀን ከምትሽ ላይ ሠላሳ ይቀነስልሻል። የእኔ ቁጥር ስድስት ነው፤ ለእኔ የሚቀነስልኝ ስድስት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን አንቺና እኔ እኩል እንወዳደራለን።»

«እየጎበዝኩ ስሄድስ?»

«ቁጥርሽ ይወርዳላ! እኛ ዘንድ መውረድ ማደግ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህ ነገር በጣም ደነቃት። «መጥፎ ቀን ገጥሞኝ ብዙ ብመታስ? እሱም ይቆጠራል?»

«ቁጥርሽን የምናወጣው ከመልካም ቀኖችሽ ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «መጥፎ ቀንማ ሁሉም አለው።»

ሦስቱን ካርድ አመጣች። ሠላሳ ተሰጣት። ያን ጊዜ ሠላሳው እውነተኛ ቁጥሯ ነበረ።

በማኅበሩ ቤት መግቢያ ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየዓመቱ ዋንጫ የወሰደችው ሴት ስም በወርቅ ቀለም ይጻፍበታል። ልብስ ሰፊዋ የከተማውን ግማሽ ሰው አልብሳለች፤ ስሟ ግን የትም ተጽፎ አያውቅም። የሰፋችው ቀሚስ አምሮ ሲታይ እንኳ «ተዋበች» የሚባለው ለባሿን ነው። ስለዚህ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ከሰሌዳው ግርጌ ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኗ ትለካው ነበር። ስሟ ስንት ጣት እንደሚወስድ ታውቃለች።

እጇ መርፌ የለመደ ነውና ቶሎ ጎበዘች። ከሁሉ ይልቅ የተዋጣላት አጭሯ ምት ናት፤ ኳሷ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ስትቀር ቀስ ተደርጋ የምትመታው። ሌሎቹ ሴቶች እዚያ ሲደርሱ ይጨነቃሉ። ለእሷ ግን በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደ ማሳለፍ ነበር፤ ትንፋሽ ያዝ፣ ሰደድ፣ አለቀ።

አንድ ረቡዕ፣ ቁጥር በሚታደስበት ቀን፣ ለካርድ ስትጫወት በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ያችን አጭር ምት ሳተች። የእውነት ነበር የሳተችው። ኳሷ የጉድጓዱን ግራ ከንፈር ነክታ ወጣች። በዚህ ምክንያት ቁጥሯ ሳይወርድ ቀረ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ትንሽ ውድድር ነበረና ሠላሳዋ ተቀንሶላት በአንድ ምት ብልጫ አሸነፈች። ሽልማቱ ጃንጥላ ነበር። ዝናብም ፀሐይም ሳይኖር ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ ቤቷ ሄደች። በመንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ «ረቡዕ ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ ቁጥሬ ይወርድ ነበር። ቁጥሬ ቢወርድ ይሄ ጃንጥላ የእኔ አይሆንም ነበር።»

በሚቀጥለው ረቡዕ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ቆመች። አጭሯ ምት ቀርታለች። ዱላዋን እንደ ወትሮዋ ያዘች፤ በመጨረሻ ግን የእጅ አንጓዋን ትንሽ፣ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ወደ ግራ አዘነበለችው። ኳሷ ግራ ከንፈሩን ነክታ ወጣች።

ይህን የመረጠችው አስባበት ነው። ኳስ ጫካ ውስጥ ብትልክ ሰው ሁሉ ያያል። አጭሯ ምት ስትሳት ግን እድል ይመስላል።

ካርዷን ዘወትር የምትፈርምላት አንዲት ዝምተኛ አባል ነበረች። «ዛሬም ዳሩን ነክታ ወጣች?» ትላታለች።

«ምን ላድርግ፣ አልቀናኝም» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

ፈራሚዋ ጥቂት ታያትና ትፈርማለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ እየጎበዘች በሄደች ቁጥር የምትስተው እየበዛ መጣ። መጀመሪያ በአንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በሦስት፤ በኋላ ስምንት አጭር ምት እስከ መሳት ደረሰች። ከረቡዕ በቀር በሌላ ቀን አትጫወትም። ለትንንሾቹ ውድድሮችም አትመዘገብም፤ ራሷን ለዓመቱ ዋንጫ አስቀምጣለች። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ በልቧ የምትይዘው ሌላ ሆነ። ካርዱ ሠላሳ ይላል፤ ልቧ ሀያ ሁለት። ሕሊናዋ ሲጎነትላት፣ «የማንን ወሰድኩ? የራሴን ምት ነው የጣልኩት» ብላ ዝም ታሰኘዋለች።

የዓመቱ ውድድር ደረሰ። የሦስቱም ከተማ ሴቶች መጡ። ልብስ ሰፊዋ በልቧ ስሌት ማንም አይደርስባትም ነበር። ደግሞም ረጃጅሞቹን ምቶች አሳምራ መታች። አጭሯ ምት ጋ ስትደርስ ግን አንዷ ሳተቻት። ድንጋጤ ነው ብላ አለፈችው። ደግሞ አንድ ሳተች። ከሰዓት በኋላ በልቧ የያዘችው የስምንት ምት ብልጫ ሁሉ አለቀ።

መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ሰብሳቢዋ ቀድማ ጨርሳለች። ሴቶቹ ሁሉ ዙሪያውን ከበው ቆሙ። የልብስ ሰፊዋ ኳስ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣለች። በአንድ ምት ካስገባቻት ዋንጫው የእሷ ነው። በሁለት ከሆነ ከሰብሳቢዋ ጋር እኩል ትሆናለች። በሦስት ከሆነ ግን አለቀላት።

ትንፋሿን ያዘች። ጉድጓዷን አየች። ማስገባት ፈለገች፤ በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችው ነገር አልነበረም። መታች። አንጓዋ ሳታዘው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የሩዝ ፍሬ ያህል ወደ ግራ ዘነበለ። ኳሷ ከንፈሩን ነክታ ወጣች።

አሁን የቀራት አንድ ስንዝር ነው። ደግማ መታች። እጇ ያንኑ አደረገ።

በሦስተኛው ገባች።

«አይ እድል!» አሉ ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። አንዷ ተረበኛ ደግሞ፣ «ባንዲራውን የሰፋሽላቸው አንቺ፤ ጉድጓዱን በልክሽ አልሰፉልሽም እንዴ?» ብላ አሳቀቻቸው። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ፈራሚዋ ብቻ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ወደ ሜዳው ሄደች። ኳሷን ከጉድጓዱ አንድ ክንድ አርቃ አስቀመጠች። የሚያያት የለም፤ ዋንጫም የለም፤ ካርድም የለም። አሥር ጊዜ መታች፤ ሰባቱን ሳተች። ያን ጊዜ ዱላውን ጥላ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ቀኝ እጇን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አገላብጣ አየችው።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰብሳቢዋ ሄደች። «ቁጥሬን አውርዱልኝ» አለች።

«ወደ ስንት?»

«ወደ ሀያ ሁለት።»

ሰብሳቢዋ ሳቀች። «ሰው ሁሉ ጨምሩልኝ እያለ ነው የሚጨቀጭቀኝ። ትናንት እንደዚያ ስተሽ ዛሬ አውርዱልኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ያደረገችውን ሁሉ ከጃንጥላው ጀምራ ነገረቻት። ሰብሳቢዋ ሳቋን አቋረጠች። በደንቡ መሠረት ሁለት ዓመት ከውድድር ታገደች። «ካርድ ማምጣት ግን አልተከለከልሽም» አለቻት። እሷም በየረቡዑ መጣች። አጭሯን ምት ስትስት የእውነት ትስታለች፤ ስታስገባም የእውነት ታስገባለች። መሳትን የተማረችው በአንድ ዓመት ነው። መርሳቱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈጀባት።

እትዬ ውብነሽ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ትርሲት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ስሟ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ?»

«አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የተሻሉ መጡ። እጇ ግን ተመለሰላት፤ እስከ ዛሬ ክር የምታስገባው ያለ መነጽር ነው።»

«ፈራሚዋስ እትዬ? ሆን ብላ እንደምትስት ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። ሰው ሲስትና ሆን ብሎ ሲስት ይለያል፤ አጠገቡ ለቆመ።»

«ታዲያ ለምን ፈረመችላት?»

«ማንን ይጎዳል ብላ ነዋ» አሉ እትዬ ውብነሽ። «ልክ አንቺ እንዳልሽው። በዚያ ዓመት ሀያ ሰባት ካርድ ፈርሜላታለሁ።»

ትርሲት ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ውብነሽ ወረቀቱን በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት።

«እንግዲህ ያቺ ልብስ ሰፊ አንቺ ነሽ፤ ይሄ ወረቀትም ካርድሽ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሽ «አላውቅም» ብለሽ እንደምትቀመጪ መምህርሽ ነግሮኛል። ዛሬ ይሄ ቀላል ነው፤ የሩዝ ፍሬ ያህላል። አፍ ግን እንደ እጅ ነው፤ ያስለመዱትን ይይዛል። አንድ ቀን የምታውቂውን መናገር የምትፈልጊበት ቦታ ላይ ትቆሚያለሽ። ያን ቀን አፍሽ ሳታዢው «አላውቅም» ይላል። ማንን ይጎዳል ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ የሚጎዳው ያኔ ነው፣ የሚጎዳውም አንቺን ነው። እኔ ያን ጊዜ ዝም ብዬ ፈርሜአለሁ። ይሄን ግን አልፈርምም።»

«ሰኞ ሰልፍ ላይ ብወጣና ቢጠፋብኝስ?» አለች ትርሲት። «ቢስቁብኝስ?»

«መጥፎ ቀንማ ሁሉም አለው፤ እሱን የሚቆጥር የለም» አሉና እስክሪብቶውን አነሥተው በእጇ አስያዟት። «አሥራ ሰባት መስመር ይቀርሻል። ጻፊ። የእውነት የሳትሽውን ስንት ጊዜም ቢሆን እፈርምልሻለሁ።»