ድንቢጥ ቅሉን «ተቀበል» ያለች ለት

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬዋ ላም ግን ሳትጠየቅ የታለበች ናት።

ድሮ ድሮ፣ ሦስት ጫጩቶች ያሏት አንዲት ድንቢጥ ነበረች። ጫጩቶቹ ዓይናቸው አልተገለጠም። እናታቸውን የሚያውቋት በዜማዋ ብቻ ነው። ዜማውን ሲሰሙ አፋቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ፤ ካልሰሙ ጎጇቸው ባለበት ቁጥቋጦ ውስጥ ጸጥ ይላሉ። በሕይወት ያቆያቸውም ይኸው ጸጥታ ነው።

ዜማውን የፈጠረችው ራሷ ናት፦

«ልጆቼ፣ ልጆቼ፣ አፍ ክፈቱልኝ፣
ጤፍ ይዤ መጣሁ — ህቅ! — ዝናብ ሳይጥልብኝ።»

«ህቅ» ያለችው ዜማውን ባወጣችበት ቀን አንዲት የጤፍ ፍሬ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ነው። ህቅታው በዚያው ቀረ።

ከቁጥቋጦው አጠገብ ባለው አጥር ላይ አንድ የደረቀ ቅል ተሰቅሎ ነበር። ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ ባዶ።

«እመት ድንቢጥ፣ እስኪ ያችን ዜማሽን» አላት።

በዚያ አገር ወግ ዘፋኝ ስንኟን ስትጨርስ «ተቀበል!» ትላለች፤ ሰሚው ያንኑ መልሶ ያዜማል። ድንቢጥም ሰሚ በማግኘቷ ደስ ብሏት ዘፈነችና «ተቀበል!» አለችው። ተቀበለ። በማግሥቱም ተቀበለ። በሦስተኛውም ቀን ተቀበለ።

በአራተኛው ቀን ጥሬ ለቅማ ስትመለስ የገዛ ድምፅዋን ከአጥሩ ላይ ሰማች። ቅሉ ለዝንጀሮ ሰርግ እየዘፈነ ነበር። ቁጥቋጦው ውስጥ ሦስቱ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ።

«አያ ቅል፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ እዘፍናለሁ።»

ድንቢጥ ወደ ዳኛው ሄደች። ዳኛው ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ዋርካው ላይ ተቀምጧል።

«ዜማው የኔ ነው» አለች።

«ሰማሁ፣ ተማርኩ» አለ ቅል። «አንቺስ ከእናትሽ አልተማርሽም? እኔ ከቁራም፣ ከርግብም፣ ከቆቅም ሰምቻለሁ። ሆዴ ውስጥ ተቀላቅሏል፤ የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅ።»

«ጉሮሮ የለህ! ጤፍ በልተህ አታውቅ! ታዲያ ‹ህቅ› የምትለው ምን አንቆህ ነው?»

ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሸንጎ በሳቅ ፈነዳ። «በይው!» አለች ቆቅ። «እኔም ድምፄን አጥር ላይ ሰምቼ፣ አበድኩ ብዬ ነበር!»

ጉሬዛ አልሳቀም። «ህቅታው የድንቢጥ ነው፤ ተረጋግጧል» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ‹ተቀበል› ብለሽዋል?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። ግን አብረኸኝ ዝፈን ማለቴ ነው እንጂ፣ ውሰድ ማለቴ…»

«ብለሻል። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። ሰጪ ሰጠ፣ ተቀባይ ተቀበለ።»

«ጫጩቶቼስ?»

«እነሱ በክሱ ውስጥ የሉም።»

ያን ዕለት ወደ ማታ ሸለመጥማጥ ወደ አጥሩ መጣ።

«አያ ቅል፣ የድንቢጧን ዜማ ታሰማኛለህ?»

ቅል ለምን ብሎ አልጠየቀም። በሰማው ዜማ ሁሉ ውስጥ «ለምን» የሚል ቃል አልነበረም። ዘፈነ። «ህቅ» ሲል ከቁጥቋጦው ሦስት ድምፅ መለሰ። ሸለመጥማጥ ድምፁን ተከትሎ ሄደ።

ድንቢጥ ጤፍ በአፏ ይዛ ደረሰች። ጤፉን አስቀምጣ ዘፈነች። ማንም አልተንጫጫም። ደግማ ዘፈነች። ሦስተኛውን ጀምራ «ህቅ» አለችና እዚያው ላይ አቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም።

ቅሉ ግን ዛሬም አጥሩ ላይ ሆኖ ዜማዋን ይዘፍናል። የሚያልፍ መንገደኛም ያዳምጥና «ድንቢጧ ዛሬም ደስ ብሏታል» ይላል።

ዜማ ከባለቤቱ ከተለየ ለሸለመጥማጥም ይዘፈናል። ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱ ግን ከማን እንደሰማችሁት ተናገሩ።