ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ተረት አለኝ። «እሺ» ካላችሁ እጀምራለሁ፤ ዝም ካላችሁም ጀምሬያለሁ።

ሰንበሌጥ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ወንዝ ለሁለት ከፍሏታል፤ የእትዬ ዘርትሁን ቤት ወዲህ ማዶ፣ ጤና ጣቢያው ወዲያ ማዶ ነው። የእንጨት ድልድዩን አምና ጎርፍ ወሰደው። የእትዬ ዘርትሁን ልጅ ሰብለ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው በነሐሴ፣ ወንዙ ሰው በማያሳልፍበት ወር ነው። ጭንቀት እትዬ ዘርትሁንን እንቅልፍ ነሳቸው። የከተማዋ የወደፊት ፕላን እየተሠራ ነው ሲባል ሰምተው መሐንዲሱ ጋ ሄዱ።

«ልጄ፣ እዚህ ወንዝ ላይ አንድ ድልድይ ሳልልኝ» አሉት።

መሐንዲሱ አደባባይ ስሏል፣ መናኸሪያ ስሏል፣ ፏፏቴ ስሏል። ድልድይ አልሳለም። «ከንቲባው ሳያዙኝ አልስልም፣ እናቴ።»

ከንቲባው ጋ ሄዱ። «መሐንዲሱን ይዘዙልኝ። ከንቲባ ሳያዝ መሐንዲስ አይስልም፣ መሐንዲስ ሳይስል ድልድይ የለም።»

«ፕላኑ የነዋሪው ነው» አሉ ከንቲባው። «ሕዝብ ተሰብስቦ ሳይመክር አላዝም። ስብሰባ ስጠራ ደግሞ የሚመጣው ወንበር ብቻ ነው።»

ሕዝቡን ገበያ አገኙት። «ወገኖቼ፣ ተሰብሰቡልኝ። ሕዝብ ሳይሰበሰብ ከንቲባ አያዝም፣ ከንቲባ ሳያዝ መሐንዲስ አይስልም፣ መሐንዲስ ሳይስል ድልድይ የለም።»

«ሽማግሌ ያልተቀመጠበትን ስብሰባ ማን ይሰማል?» አለ ሕዝቡ። ሽንኩርቱንም መመዘን ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዱ። «አባቶቼ፣ ተቀመጡልኝ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ሕዝብ አይሰበሰብም፣ ሕዝብ ሳይሰበሰብ ከንቲባ አያዝም፣ ከንቲባ ሳያዝ መሐንዲስ አይስልም፣ መሐንዲስ ሳይስል ድልድይ የለም።»

«የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ያለ ድንኳን አንቀመጥም» አሉ። ሽማግሌ ነገር ይወዳል፤ ከነገር ግን ጥላ ያስቀድማል።

ድንኳን ያለው እድሩ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ያውጡልኝ። ድንኳን ሳይተከል ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ሕዝብ አይሰበሰብም፣ ሕዝብ ሳይሰበሰብ ከንቲባ አያዝም፣ ከንቲባ ሳያዝ መሐንዲስ አይስልም፣ መሐንዲስ ሳይስል ድልድይ የለም።»

«ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። የእድራችን ደንብ ነው። ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም።»

«እንግዲያው አይወጣም።»

እትዬ ዘርትሁን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። አሁንስ ተናደዋል። «መልካም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሰው መውሰዱ አይቀርም። የዚያን ሰው ለቅሶ ዛሬውኑ እንቀመጥ።»

«የማንን?»

«ምናልባት የሰብለዬን። ምናልባት የእርስዎን። ወፍጮ ቤቱም ማዶ ነው።»

ጋሽ ወልደሰንበት አሰቡ። እህል ተሸክመው የሚሻገሩት ራሳቸው ናቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

በሰንበሌጥ ከስብሰባ የቀረ አይታማም፤ ከለቅሶ የቀረ ግን ቀባሪ ያጣል። ድንኳን ሲተከል ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰበሰበ፣ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ከንቲባው ጥቁር ኮት ለብሰው መጡ፣ መሐንዲሱም ተከተላቸው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ ከንቲባው። «ማን ነው የሞተው?»

«ገና ነው» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «የሚሞተው ነሐሴ ላይ ነው። ማን እንደሚሆን ተቀምጠን እንምከር።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«የእኔ ልጅ ይሆናል» አለች አንዲት እናት። «ትምህርት ቤቱ ማዶ ነው።»

«እኔ ነኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ማኅበሬ ደግሞ ማዶ ነው።»

ሁሉም የራሱን ሬሳ ሲያይ ምክሩ አልረዘመም። ሕዝብ ወሰነ፤ ሕዝብ ሲወስን ከንቲባ አዘዘ፣ ከንቲባ ሲያዝ መሐንዲስ ሳለ። ፏፏቴውን ፍቆ ድልድይ ሳለ። ሰኔ ሳያልቅም ሕዝቡ ግንድ ተሸክሞ ሠራው።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ሰብለ በድልድዩ ተሻግራ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። እድሩም ደንቡን አሻሻለ፦ ድንኳኑ ሰው ሲሞት ይወጣል፤ ሰው እንዳይሞትም ይወጣል።