ሸምሲያ እና የ«ነ» ቁልፍ

እናንተ ጆሮ አውሱኝ፣ አፉን እኔ አመጣለሁ።

ጅማ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሸምሲያ የምትባል አቤቱታ ጸሐፊ ነበረች። ያላት አንድ ትልቅ ጃንጥላ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። መብራት ከጎኗ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በገመድ ትስባለች። ባለጉዳይ መጥቶ ያወራላታል፤ እሷ ትጽፍለታለች። ሌሎቹ ጸሐፊዎች በሰው ጉዳይ ላይ የራሳቸውን አማርኛ ይነሰንሳሉ፤ ሸምሲያ ግን ሰውየው ያለውን ብቻ ነበር የምትጽፈው። ለዚህ ነው ወረፋዋ የማያጥረው።

ዓይኗን ግን ሞራ እየጋረደው ሄደ። የላስቲኩ ኪቦርድ ፊደሎች ተፍቀው አልቀዋል፤ ቢኖሩም አይታዩዋትም። ያኔ ፉአድ የሚባል የሠፈሯ ልጅ ደረሰላት። ፉአድ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን አለው፤ የበር ጌጥ፣ የስም ሰሌዳ ይቀርጽበታል። ለሸምሲያ ከዋንዛ ሙሉ የኪቦርድ ቁልፎች ሠራላት። በየቁልፉ አናት ላይ ፊደሉ ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ ጣቷን ስታሳርፍበት እንጨቱ ራሱ ማን እንደሆነ ይነግራታል። ከዚያ ወዲህ ሸምሲያ ፊቷን ወደ ባለጉዳዩ አዙራ፣ ጣቷን ወደ እንጨቱ ልካ ትጽፍ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የጋሽ ጉተማን ጉዳይ ልትጽፍ ስትጀምር፣ የ«ነ» ቁልፍ ቀጭ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ።

ሌላ ፊደል ቢሆን ምንም አልነበረም። በእሷ ኪቦርድ ግን «ነ»ም «ኝ»ም የሚወጡት ከዚያው ከአንዱ ቁልፍ ነው። ያለ እሱ «ነው» የለም፤ ያለ እሱ «ነኝ» የለም። ከቁልፉ ሥር በቀረው ባዶ ጉጥ ላይ ልትጫን ሞከረች፤ ጣቷ ወደ ግራ ሲንሸራተት «ነው» «በው»፣ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት «መው» ሆነ። ጋሽ ጉተማ ደግሞ ዐርብ ጠዋት ቀጠሮ አለበት። በእጁ ገንብቶ ባረጀበት ቤት የወንድሙ ልጆች «ያንተ አይደለም» ብለው ከሰውታል። ሌላ ጸሐፊ ዘንድ እንዲሄድ ስትነግረው እንቢ አለ። እነሱ የሚጽፉት እኔ ያላልኩትን ነው፣ እጠብቅሻለሁ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ልጇ ስልክ ደውላ የሆነውን ስትሰማ፣ እማ ከእንግዲህስ ይብቃሽ፣ ቤት አርፈሽ ተቀመጪ አለቻት። ሸምሲያ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የተሰነጠቀውን ቁልፍ በመሐረቧ ቋጠረችና ወደ ፉአድ ሄደች። የፈለገችው አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ከጥፍር የማትበልጥ።

ፉአድ ስንጣሪውን በብርሃን እያገላበጠ አየው። ዋንዛ ለዚህ ቁልፍ ለስላሳ ነው አላት፤ ከሁሉ ይልቅ የሚደበደበው «ነ» ነው፤ ከሥሩ ጉጡ የሚገባበት የመስቀል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፣ እንጨቱ የተረታው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ አሁኑኑ ይቀርጻል፤ ሥዕሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። የጎደለው ወይራ ነው። የደረቀ፣ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ወይራ። ሸምሲያ ሌላ ይሆን እንደሆን ጠየቀችው፤ አይሆንም አላት።

ወይራ ከሌለ ማሽን አይቀርጽም፤ ማሽን ካልቀረጸ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ «ነኝ» የለም።

ሸምሲያ ወደ አናጺው ወደ አቶ ዱባለ ሄደች። አቶ ዱባለ በርጩማ የሚሠራ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ወይራ አለው፤ ጥግ ላይ ቆሞ ዓመታት የደረቀ ግንድ አሳያት። በጥፍሩ ቢያንኳኳው እንደ ብረት ጮኸ። ታዲያ ቁረጥልኝ አለችው። እሱም ክቡን መጋዝ አሳያት፤ ጥርሱ ዶልዱሞ እንጨቱን ያጨሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። በመጥረቢያ ፍለጠው ብትለው ደነገጠ። በመጥረቢያ የተፈለጠ ወይራ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ነገ ተመልሶ ይፈነዳብሻል አላት።

መጋዝ ካልተሳለ ወይራ አይቆረጥም፤ ወይራ ካልተቆረጠ ማሽን አይቀርጽም፤ ማሽን ካልቀረጸ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ «ነኝ» የለም።

ሸምሲያ መጋዙን በጆንያ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ስለት ወደሚስለው ወደ ተማም ሄደች። ተማም ቀልደኛ ነው፤ መጋዙን አይቶ ይሄ ቂቤ እንኳ አይቆርጥ ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋ። መሳያ ድንጋዩን የሚያዞረው ሞተር ተቃጥሏል። በእጅ ሞረድ እንዲሞክረው ለመነችው፤ እሱም ሞረዱን አንድ ጥርስ ላይ አስኬዶ አሳያት። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ የተበላው ሞረዱ ነበር።

ድንጋይ ካልዞረ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ወይራ አይቆረጥም፤ ወይራ ካልተቆረጠ ማሽን አይቀርጽም፤ ማሽን ካልቀረጸ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ «ነኝ» የለም።

ሞተሩ የት እንዳለ ጠየቀችው። ጥላዬ ዘንድ ነው አላት፤ ጥላዬ የተቃጠለ ሞተር መዳቡን አውጥቶ፣ አዲስ ሽቦ ጠቅልሎ የሚያስነሣ ባለሙያ ነው። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሥራው ሁሉ ቆሟል አለ። ሸምሲያ መጋዙን እዚያው ትታ ወጣች።

ጥላዬን ያገኘችው በራፉ ላይ ነው። ሱቁና ቤቱ አንድ ላይ ናቸው፤ በፊት ለፊት ሞተር፣ በመጋረጃው ጀርባ መኖሪያ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ሽቦውን አንዴ ይጠቀልላል፣ ይረሳል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጀምራል። ሸምሲያ ሰላምታ ብትሰጠው ሁለት ጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ሞተሩን ለዛሬ ብታደርስልኝ ብላ ስትጀምር አንገቱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ሰነበተ። ትናንት የአንዱን ሰውዬ ወፍጮ ጠቅልዬ ወደ ኋላ ዞረበት። ሳልተኛ የተማምን ሞተር ከነካሁ ራሱን ተማምን ነው የማቃጥለው።»

ታዲያ ለምን አትተኛም አለችው። መልሱ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ፤ አዲስ የተወለደች ሕፃን ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሕፃን ካልተኛች ጥላዬ አይተኛም፤ ጥላዬ ካልተኛ ሞተር አይነሣም፤ ሞተር ካልተነሣ ድንጋይ አይዞርም፤ ድንጋይ ካልዞረ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ወይራ አይቆረጥም፤ ወይራ ካልተቆረጠ ማሽን አይቀርጽም፤ ማሽን ካልቀረጸ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ «ነኝ» የለም።

ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፤ ገና አንዲት ቀርታለች።

ሸምሲያ አስፈቅዳ መጋረጃውን ገለጠች። የጥላዬ ሚስት ወርቄ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ወገቧ አልታሰረም። ምድጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ልጅቱን ታቅፋለች፣ ጡት ትሰጣለች፣ ልጅቱ ትይዝና ትለቃለች፣ ትጮኻለች፤ እናትዬዋም አብራ እንባዋን ታወርዳለች። እነዚህ ባልና ሚስት ለከተማው እንግዶች ናቸው። አራስ ቤት መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት የለም፤ ጥላዬም ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ልጄ» አለቻት ሸምሲያ።

ወርቄ ቀና አለች። ከጤና ጣቢያው ከወጣች ወዲህ ይህን ቃል ያላት ሰው አልነበረም። አፏን ከፍታ መልስ ልትሰጥ ስትል ለቅሶው ቀደማት።

«እናትሽስ?»

«አምና ሞተችብኝ።»

እናት ካላረፈች ሕፃን አትተኛም፤ ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ሸምሲያ ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጥላዬን አጃና ቅቤ ግዛ ብላ ላከችው፤ እሳት አያያዘች፤ አጥሚት አፍልታ ወርቄን ትኩሱን እያበረደች አጠጣቻት። ውሃ አሙቃ ጀርባዋን አጠበቻት። ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት፤ ወርቄ ያኔ፣ ሰውነቷ ገና አሁን የተመለሰላት ይመስል፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ልጅቱም ጡቷን ያዘች፣ አልለቀቀችም። ጠግባ ስታበቃ ሸምሲያ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አጋደመቻት፤ ወርቄንም ጋደም በይ አለቻት።

እሹሩሩ ልትል አሰበች። አፏ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስታመላልሰው የዋለችው። እሱኑ በዜማ አደረገችው። ሞተር ካልተነሣ፣ እሹሩሩ፣ ድንጋይ አይዞርም፤ ድንጋይ ካልዞረ፣ እሹሩሩ፣ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ፣ እሹሩሩ፣ ወይራ አይቆረጥም…

ዜማው ወይራው ላይ ሲደርስ ልጅቱ ተኛች። እናቲቱማ ከድንጋዩ አላለፈችም። ጥላዬንም ሄዳ ብታይ ሞተሩን ተንተርሶ ያንኮራፋል።

ሸምሲያ አላስነሣችውም። ሕፃኗን እንዳቀፈች እዚያው ቁጭ ብላ ቆየች፤ እውነቱን ለመናገር ቁልፉንም ረስታው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቱን እናቷ ጎን አስተኝታ ወጣች። ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳች። እዚህ አራስ ተኝታ እናንተ ገንፎ ትበላላችሁ ወይ ብላ አሳፈረቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቶቹ ገንፎና ዶሮ ይዘው ወርቄ ዘንድ ገቡ። ወርቄ አረፈች። ወርቄ ስላረፈች ሕፃን ተኛች፤ ሕፃን ስለተኛች ጥላዬ ጠግቦ ተኝቶ ተነሣ፤ ጥላዬ ስለተነሣ ሽቦው አልተምታታበትም። ሞተሩን ጠቅልሎ፣ አድርቆ፣ ሞክሮ፣ እሱም ወደ ፊት መዞሩን ሁለቴ አረጋግጦ፣ ራሱ ተሸክሞ ለተማም አደረሰው። ሞተር ተነሣ፤ ድንጋይ ዞረ። ድንጋይ ሲዞር መጋዝ ተሳለ፤ ተማምም ቂቤውን አሁን ጠይቂው ብሎ ሰጣት። መጋዝ ሲሳል ወይራ ተቆረጠ። አቶ ዱባለ ከግንዱ ልብ፣ ቡናማው ከቢጫው ከተገናኘበት፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ አወጣላት፤ አንዱ ቢበላሽ መተኪያ ይሁንሽ ብሎ ሌላም ጨመረበት።

ፉአድ ቁራጩን በማሽኑ አጋጠመ። መጀመሪያ የሚቀረጸው ሆዱ ነበር፤ መርፌ የምታህለው መቅረጫ እየጮኸች የመስቀሉን ቀዳዳ አወጣች። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አስቀረጸ። የወይራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሸምሲያ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጥ ነበር። የመጀመሪያው ቁልፍ ሲገለበጥ ስቶ ጠርዙ ተበላ። ሁለተኛው ወጣ። ፉአድ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ዘይት ቀባው፤ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ሸምሲያ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። «ነ» አለች ቀስ ብላ።

ዐርብ ጠዋት፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ጋሽ ጉተማ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሸምሲያ ቁልፉን በቦታው ጫነችው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። ድንጋዩን ከየት እንዳመጣ፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካ፣ ሚስቱ የሞተችበትን ክፍል፣ ሁሉንም ያለውን ጻፈች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አመነታ።

«እንዲህ በይልኝ፦ ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሸምሲያ እስከ «እኔ» ድረስ ጻፈችና እጇን አነሣች። ጋሽ ጉተማ ፊደል አልቆጠረም። የግንበኛ ጣቱን ይዛ ወደ ኪቦርዱ አመጣችና በአዲሱ ቁልፍ ላይ አሳረፈችው። ጣቱ ሻካራ ቢሆንም የእንጨቱን ፊደል ለየው፤ ዳር ዳሩን ዳሰሰው።

«ይጫኑት ጋሼ» አለችው። «ይቺን እርስዎ ይጻፏት።»

ጋሽ ጉተማ ተጫነ። ሸምሲያ ሌላውን ቁልፍ ጨመረችለት፤ እሱ እንደገና ተጫነ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ቃሏ ወጣች። እሱ አላነበባትም፣ እሷም ዓይኗ አልደረሰባትም፤ ግን ሁለቱም ወደዚያው አዩ። ከዚያ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ታተመ፤ ጋሽ ጉተማም አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ደረጃውን ወጣ።

ቤቱም አልተወሰደበትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይኖርበታል።

የሰጣችሁኝን ጆሮ መለስኩ፤ አፌንም ዘጋሁ።