ፈሰሱን ያዞረው ባለጠጋ

አንድ ባለጠጋ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ከተዳፋቱ አናት ላይ።

ቆይ ኤፍራታ፣ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። ጥያቄሽን ሸሽቼ ተረት የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። «መምህር፣ የትምህርቱ ስም የአየር ንብረት ለውጥ፣ የተፈጥሮ አደጋና ኅብረተሰብ ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ዝናቡንና ጎርፉን ልማር። ይሄ ኅብረተሰብ የሚባለው ግን ምን ያደርግልኛል? ጎርፍ እንደሆነ ሰው መርጦ አይመጣ» አልሽኝ። ግማሹ ክፍል ሳቀ፣ የቀረውም «እውነቷን ነው» አለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ለምን እዋሽሻለሁ። በአንቺ አይደለም። ይህችን ቃል ስንት ትልልቅ ሰው ሲላት ሰምቻለሁ። እና አድምጪኝ።

በዚያ አገር ተዳፋት ላይ የሚያርስ ሁሉ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ማለት የክረምቱ ውሃ ዘሩን ጠርጎት እንዳይሄድ በማሳው ላይ ጋደል ተደርጎ የሚቀደድ ቦይ ነው። ፈሰስ ማውጣት ነውር የለውም። ግን ሕግ ነበረው፤ ያልተጻፈ፣ አባት ለልጁ የሚነግረው ሕግ። የማንም ሰው ፈሰስ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ሰው ደጅ አይለቀቅም። ሁሉም ወደ ጋራው መውረጃ ይገባል። መውረጃው ሣር የለበሰ ሰፊ ቦይ ነው፤ አይታረስም። ክረምት ሳይገባ አገሩ በደቦ ወጥቶ ይጠርገዋል፤ ውሃውም በእሱ አድርጎ ማንንም ሳይነካ ወንዝ ይገባል።

ያ መውረጃ በባለጠጋው ማሳ መሃል ያልፍ ነበር። ሰውዬው ሣሩን ባየ ቁጥር ይቆጨዋል። ይህን የመሰለ ጥቁር አፈር እንዴት የውሃ መሄጃ ይሆናል ይላል። አንድ በጋ በሬዎቹን ጠምዶ አረሰው፤ ወራቱ ሲደርስም ጤፍ ዘራበት። ፈሰሱን ደግሞ አዙሮ ቁልቁል ለቀቀው። ከታች ምን ነበረ? መሬት ያልደረሳቸው ሰዎች ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩበት ሜዳ ነበረ። እዚያ ማን ይሰፍራል? ሌላ ቦታ ያጣ ነዋ። ወድዶ ጎርፍ አፍ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሽማግሌዎች ሄዱ። «ጌታው፣ ውሃው በየት ይሂድ?» አሉት።

«ውሃ መንገድ አያጣም» አላቸው። ከዚያ ጠላ አስቀዳላቸው፣ ሙክት አረደላቸው። በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀውት ወጡ። ይህን ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል። ያንን ሕግ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ እኮ።

ጥቂት ዓመት ምንም አልሆነ። ዝናቡ ዝግ ብሎ የሚዘንብ ነበርና ሜዳው ይጨቀይ እንደሆነ እንጂ ሰው አይጎዳም። ባለጠጋውም «አላልኳችሁም?» እያለ ይኮራ ነበር። በኋላ ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ። አንድ ዓመት ጨርሶ ቀርቶ አገሩ ዝናብ ስጠን ብሎ ምህላ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ የወሩን ሁሉ ባንድ ከሰዓት አወረደው። ፈሰሱም ከላይ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ።

ከታች አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ያን ቀን የሚጠባ ልጇን አዝላ ገበያ ሄዳለች፤ ትልቋን ልጇን ከአማቷ ጋር ትታለች። ስትመለስ ጎጆዋ በነበረበት ድንጋይና ጭቃ ብቻ ጠበቃት። ልጅቱንም አሮጊቷንም ከወንዙ አፋፍ አንስተው አመጡላት።

ለቅሶው ላይ ማን ቀድሞ የደረሰ ይመስልሻል? ባለጠጋው። እህል አስጭኖ መጣ፣ ከሰው መሃል ተቀመጠና አነባ። «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው። ዘመኑ ከፋ፤ ዝናቡም እንደ ድሮው አልሆነ» አለ። ለቀስተኛውም «እውነት ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው» እያለ ተቀበለው። ቀና ብሎ ዳገቱን ያየ አንድ ሰው የለም። ደመናው ግን ገና አልተገፈፈም፣ በተረፉት ጎጆዎች ውስጥም የሌላ ሰው ልጆች ያድራሉ። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ፈርቷል። ባለጠጋው ራሱ መላ አመጣ፤ «ምህላ እንያዝ፣ ጧፉ በእኔ» አላቸው። የአዞ እንባ ይሉሻል ይሄ ነው።

ምህላው ተያዘ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው «በሉ፣ ዝናቡን ያስታግሥልን ብለን እንለምን» ሲሉ ያቺ ሴት ልጇን እንዳዘለች ተነሣች።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «አምና ዝናብ ስጠን ብለን አለቀስን። ዘንድሮ ሰጠን። አሁን ደግሞ ውሰድልን ልንለው ነው? ዝናቡ ቢቀርስ ምን እንበላለን? ልጄን የወሰደብኝ ውሃ በየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። የሰው ሥራ ይዘን ለምን እግዜርን እናማለን?»

ያንን ሙክት ከበሉት አንዱ ቄሱ ነበሩ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መራመድ ጀመሩ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሊዞሩ ነው ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ከግቢው ወጥተው ዳገቱን ያዙ። ሰው ሁሉ «እግዚኦ» እያለ ተከተላቸው። የባለጠጋው ፈሰስ ቁልቁል ከሚለቀቅበት አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ካባቸውን አውልቀው ለዲያቆኑ ሰጡ።

«መቅሠፍቱ ያለው እዚህ ነው፤ የምንማለለውም እዚህ ነው። ዶማ አምጡልኝ» አሉ።

እሳቸው ሲጀምሩ ሌላውም ተከተለ። ባለጠጋው እየተሯሯጠ ይለምናል፣ ይራገማል፣ የሚሰማው የለም። ፈሰሱን ደፈኑት፤ ጤፍ የበቀለበትንም የድሮ መውረጃ ከፈቱት። በዚያው ቀን ዝናቡ መጣ፣ ካለፈው የባሰ። ውሃው በመውረጃው ሄዶ ወንዝ ገባ። ከታች አንድም ጎጆ አልተነካም። መውረጃው ላይ የነበረው ጤፍ ግን ከነሥሩ ተጠርጎ ሄደ።

ነገሩ ያለው አሁን ነው። ባለጠጋው ዳኛ ፊት ቀረበ። «ግፍ ተሠርቶብኛል፤ የሠሩብኝን ከነስማቸው አውቃቸዋለሁ» አለ። ዳኛው «ጤፍህን ያጠፋው ዝናብ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁት። «ዝናቡማ ምን አደረገኝ» አለ፤ «ውሃውን ወደ እኔ ያዞሩት ሰዎች ናቸው እንጂ።»

ሴትዮዋ ከኋላ ቆማለች። ዳኛው እሷን አዩ፣ መልሰው እሱን አዩ። «ደግ ተናገርክ። በዚሁ ቃልህ ስለ ልጅቱና ስለ አሮጊቷ ትጠየቃለህ» አሉት።

ሰማሽ ኤፍራታ? ልጅ ስትሞት የእግዜር ሥራ ነበረ፣ ጤፍ ሲጠፋ የሰው ሥራ ሆነ። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። ኅብረተሰብ ምን ያደርግልኛል ላልሽው መልሴ ይኸው ነው።

ዝናቡ አልተለወጠም አላልኩሽም። ተለውጧል፣ ምን ያህል እንደተለወጠም ታሰዪዋለሽ። ግን የዓለሙንም ዝናብ ያበላሹት ከላይ የሚያርሱት ባለጠጋ አገሮች ናቸው። ያላቸው ለሕይወታቸው የማይበቃ ይመስል የሁሉንም ሰማይ በጭሳቸው አርሰው፣ ጣጣውን ቁልቁል ለቀቁት። እኛ ስንቀብር እህል አስጭነው ቀድመው ይደርሳሉ፣ «ዘመኑ ከፋ» ይሉናል፣ እኛም መርቀን እንሸኛቸዋለን። ሩቅ ደግሞ ምን አስኬደኝ። የገዛ ሰፈራችን ባለጠጋ ቦዩን ደፍኖ ፎቅ ያቆምበታል፤ ከታች ያለው ድሃ ሲወሰድ «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ይነገራል። እኛ የተማርነውም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ቀብር ካለቀ በኋላ ጥናት እናቀርባለን።

አንቺ ነገ መሐንዲስ ነሽ። ባለጠጋው ያስጠራሽና «ፈሰሱን በየት ላውርደው?» ይልሻል። የምታውቂው ውሃውን ብቻ ከሆነ ቁልቁለቱን ለክተሽ በአጭሩ መንገድ ታወርጅለታለሽ፤ ሥራሽም እንከን አይወጣለትም። ከታች ማን እንደሚኖር ፈተና ላይ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። እኔን ብታልፊኝ፣ ቀጥላ የምትጠይቅሽ እናትየዋ ናት።